በካሴቱ ላይ የቀረው ስም

ሰሞኑን በሬዲዮ፣ ሌሎች ሀገሮች ቀደም ብለው የተስማሙበትን የፈጠራ ባለቤትነት ማስከበሪያ የጋራ ደንብ ሀገራችንም ተቀበለች ሲባል ሰማሁ። ዜናው አልፎ ስለ ዝናብ ሲወራ እኔ ገና ባሕር ዳር ነበርሁ፤ በደርግ ዘመን፣ በተማሪነቴ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ ካሴት ቤት ጎን በተከራየሁት ክፍል። ክፍሉ ዘወትር የአሣ ጥብስ ይሸት ነበር፤ ወይስ ያ ሽታ የሌላ ዓመት ነው? እርግጠኛ አይደለሁም።

አያ ይርጋ የሚባሉ የሐሙሲት መሲንቆ ተጫዋች በዚያ ቤት ሲቀረጹ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። በአዝማሪ ወግ አድማጭ ግጥም ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ የሰጪውን ስም ያነሣል። የካሴት ቤቱ ባለቤት ደመቀም እንደ ወጉ ሰጠ፤ እሳቸውም ተቀበሉ፦

ታንኳዬ ሲነጉድ ከዘጌ ጎርጎራ፣
ደመቀ ነው እንጂ ሌላ ማን ሊጠራ።

የቀረው ግጥምም ዜማም የራሳቸው ነበር።

ደመቀ ለመጣ ሁሉ ቀዳ፤ ሌሎችም ከእሱ ቀዱ። በጥር ካሴቱ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ሐሙሲት ገባ፤ ሰርገኛው ሁሉ ቴፕ እየተዋሰ በዳሱ ያሰማው ጀመር። አያ ይርጋን የሚጠራ ጠፋ። አንድ ሰርግ ቤት ደጃፍ ደርሰው መመለሳቸውን ሲነግሩኝ፣ «ድምፄ ቀድሞኝ ገብቶ ሲጋበዝ አገኘሁት» አሉኝ። እኔ ሣቅሁ፤ እሳቸው አልሣቁም።

ያለ ፈቃዳቸው መቅዳቱ ይቁምልኝ ብለው ለቀበሌው ፍርድ ሸንጎ አመለከቱ። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ በእጁ ያለው መመሪያ ግን ስለ ዘፈን አንዳች አይልም። ካሴቱን አስከፍቶ አደመጠ።

«ጌታዬ፣ ዘፈኑ የእኔ ነው» አሉ አያ ይርጋ።

«ጓድ ይበሉ። የተጠራው ስም የማን ነው?»

«የደመቀ።»

«ግጥሙንስ የሰጠ ማን ነው?»

የእኔ ነው ቢሉ የሚያስተባብላቸው አልነበረም፤ ደመቀ እንኳ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ወይም እኔ ዛሬ አስደፍቼው ይሆናል።

«እሱው ነው» አሉ። «የሰው ግጥም የእኔ ነው ብዬ መሲንቆ አልይዝም።»

ሊቀመንበሩ እፎይ ያለ መሰለኝ። ስሙ የተጠራው ባለቤት ነው ተብሎ ተፈረደ። በክረምቱ አያ ይርጋ መሲንቆ ትተው ጎርጎራ ወደብ ጆንያ ሲሸከሙ ታዩ ሲባል ሰማሁ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ዘፈኑ ዛሬም ይዘፈናል፤ የሕዝብ ነው ይሉታል። ልጄ የሕግ ባለሙያ ናትና፣ እውነተኛው ባለቤት ወራሾች ቢኖሯቸው በአዲሱ ደንብ መብት ይኖራቸው እንደሆን ጠየቅኋት።

«የባለቤቱ ሙሉ ስም ማን ነው፣ አባዬ?» አለችኝ።

«ይርጋ» አልኋት። የአባታቸውን ስም ያኔም አልጠየቅሁም፤ ይርጋ የሚለውም ትክክለኛ ስማቸው ለመሆኑ ዛሬ አልምልም። የደመቀን ስም ግን ዘፈኑን የሰማ ሁሉ ያውቀዋል።