የበሩ ዶክተር

ባሌ የሆስፒታል ዘበኛ ነው። ሰፈሩ «የበሩ ዶክተር» ይለዋል፤ ለሹፈት ነው። ይሹፉ! እኔ ከበሩ ፊት ለፊት ሶፍትና ሳሙና ስለምሸጥ፣ የማወራው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ምላሱ አያርፍም። የጤና መድን ደብተር ይዞ የመጣውን ሁሉ፣ ቦርሳውን ሳይፈትሽ «የሪፈር ወረቀት ይዘዋል?» ይላል። ለጉንፋኑም ለቁርጠቱም መጀመሪያ የሚኬደው ጤና ጣቢያ ነው፤ እነሱ ካቃታቸው በወረቀት ይልካሉ። ያለ ወረቀት የመጣ ግን ግማሽ ቀን ተሰልፎ ሲያበቃ፣ መስኮቱ ላይ «ከኪስህ ክፈል» ይባላል። ባሌ አሥራ አንድ ዓመት ይሄን ሲያይ አንጀቱ አረረና መናገር ጀመረ። አንዳንዱ ይመርቀዋል፤ አንዳንዱ «አንተ ምን አገባህ፣ በርህን ጠብቅ!» ይለዋል።

አዲሱ አስተዳዳሪም ጠርተው፣ «ከበሩ ንቅንቅ ብትል ትባረራለህ» አሉት። እኔም ልጆች አሉን፣ አፍህን ሰብስብ ብዬ ለመንኩት። እሱ ሰምቶኝ ያውቃል እንዴ!

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ሴት ልጇን አዝላ መጣች። ባሌን ስታየው ቀጥ አለች። ባለፈው ወር ሳል ይዟት መጥታ፣ ወደ ጤና ጣቢያ የመለሳት እሱ ነው።

«ውይ፣ ወረቀቱ! ላምጣ» ብላ ዞረች።

ስትዞር ልጁ ታየን። አንገቱ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑ ጎድጉዷል፣ ከንፈሩ ደርቋል። ለካ ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስቀምጠውና ሲያስመልሰው ነበር።

«እህቴ፣ ቁሚ!» አላት። አልሰማችውም፤ እየሮጠች ነበር።

ባሌ በሩን ጥሎ ተከተላት። ያ ደረጃ ሲወጣ ጉልበቴን የሚለኝ ሰውዬ! መንገዱን ተሻግሮ ደረሰባት፣ ልጁን ከጀርባዋ አውርዶ ታቀፈውና ተመልሶ ሮጠ።

«ለድንገተኛ ወረቀት አይጠየቅም! ጥፋቱ የኔ ነው፣ ይሄን አልነገርኩሽም!» እያለ ይጮሃል፤ እንባው ይወርዳል።

ለልጁ በደም ሥሩ ፈሳሽ ሰጡት። ከሰዓት በኋላ ብስኩት አምጡልኝ ብሎ አለቀሰ። ሐኪሟ፣ እናቱ ጤና ጣቢያ ደርሳ እስክትመለስ አይቆይላትም ነበር አለች።

በነጋታው አስተዳዳሪው አስጠሩት። እኔ ሆዬ ሶፍቴን ትቼ በር በሩን አያለሁ። አላባረሩትም፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጡት። ማታ አንገቱን ደፍቶ ገባና ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ሊደብቅ ሲል ነጠቅኩት። «ያለ ፈቃድ የጥበቃ ቦታውን ለቆ ሮጧል» ይላል፤ ማኅተም አለው።

አሁን በሩ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ድንገተኛ ነው?» ብሎ ነው፤ ወረቀቱን ከዚያ በኋላ።

ማስጠንቀቂያውን የመስተዋት ፍሬም ውስጥ አስገብቼ ከሠርጋችን ፎቶ አጠገብ ሰቀልኩት። «ኧረ አታዋርጂኝ፣ አውርጂው» ይለኛል። አላወርደውም። እንግዳ ሲመጣ ቆሜ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ፤ «ሮጧል» የሚለው ላይ ስደርስ ደግሜ አነባለሁ።