ከናሱ ጀርባ

ሮማ፣ ኤስኲሊኖ ገበያ አጠገብ ባለው የአሮጌ ዕቃ መሸጫ በር ሳልፍ የማሽን ዘይትና የናስ ሽታ አፍንጫዬን መታኝና ጋሽ ተክሌ ትዝ አሉኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። እዚሁ ሮማ፣ እናቴ በቤት ሠራተኝነት በምትሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ፣ ረጅም የእንግሊዝ ሰዓት ቆሞ ነበር። የሮማ ሰዓት ሠሪዎች "ይሄ አልቆለታል" ብለው ትተውታል። አዲስ አበባ ሰዓት ጠጋኝ የነበሩትን ስደተኛውን ጋሽ ተክሌን ለቤቱ እመቤት ለሲኞራዋ ያመጣችላት እናቴ ናት።

ሦስት ቀን ሙሉ ለአንድ የተሰበረ የናስ ማርሽ ጥርስ ምትክ ሲሞርዱ ዋሉ።

"አይተዉትም እንዴ?" አልኳቸው።

"ስሚ ልጄ፣ ይሄን የሠራው እንግሊዛዊ ማሽን አልነበረውም። ጥርሱን ሁሉ አንድ በአንድ በእጁ ነው ያወጣው። እኔን አንዷ ታቅተኛለች?"

በአራተኛው ቀን ሰዓቱ መታ። ጋሽ ተክሌ ግን የሰዓቱን የናስ ፊት ከመግጠማቸው በፊት ገልብጠው ጀርባውን አሳዩኝ። የሠሪው ስም ተጭሯል፤ ከሥሩም በየዘመኑ የጠገኑት ሰዎች ስም። በዚያው ሳምንት ፔርሜሶ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ለሁለተኛ ጊዜ ተከልክለው ነበር። መርፌ አንስተው ከሁሉም በታች "ተክሌ" ብለው በአማርኛ ጫሩ።

"ይሄን እዚህ ማን ያነበዋል?"

"ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ይጠይቃላ! እኔን ነገ ከአገራቸው ቢያስወጡኝ እንኳ ይቺን አይፍቋትም።"

ሱቁ ውስጥ አንድ ረጅም ሰዓት ቆሟል። ያ ይሁን ሌላ፣ እንጃ።

"ሊገዙት ነው ሲኞራ?" አለኝ ሻጩ።

"መጀመሪያ ክፈትልኝ" አልኩት፤ "የማነበው አለኝ።"