የሼኹ ኪታብ እንዳይቀበር

የተያዝኩት ከሚሴ ውስጥ፣ ከሥራ ወጥቼ ባጃጅ ስጠብቅ ነው። ለአጭር ጥያቄ ነው አሉኝ። ቦርሳዬን ሲፈትሹ አንድ መጽሐፍ ወጣ፤ ሽፋኑ ላይ ጢሙ የረዘመ፣ ቆብ ያደረገ ሰው አለ። መርማሪው ፎቶውን በጣቱ መታ መታ እያደረገ ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። በኢየሩሳሌም የኖረ አይሁዳዊ፣ የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴና ሊቅ ነው አልኩት። አሁን የት እንዳለ ጠየቀኝ። አያቴ ሳትወለድ ሞቷል አልኩ።

«ታዲያ ካንቺ ጋር ምን አገናኘው?»

ጥያቄውን አልጠላሁትም። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የዚህ መጽሐፍ ነጋዴ ታሪክ ግን ለምን ልቤን እንደያዘው እኔም አላወቅኩም ነበር።

ያስገቡኝ ክፍል እስከ ወገቡ አረንጓዴ የተቀባ ነው። የማሽላ ሽታ ያልለቀቀው ጆንያ ተነጥፏል። ከጥጉ አንዲት አሮጊት «አካም ቡልቴ» አሉኝ፣ እንዴት አደርሽ ማለታቸው ነው። ከሰዓት በኋላ መሆኑን ብነግራቸው፣ እዚህ ቀን የሚጀምረው ሰው ሲገባ ነው አሉ። የጨፋ ሰው ናቸው፤ ልጃቸው ተፈልጎ ሲታጣ እሳቸውን አመጧቸው። እኔም እንደ ቤታቸው ልጆች አዮ፣ እናቴ፣ እላቸው ጀመር።

በምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ የመጽሐፍ ነጋዴውን ነገርኳቸው። አይሁዶች የፈጣሪ ስም ያለበትን ያረጀ ወረቀት አይጥሉም፤ በምኩራብ ጓዳ አጠራቅመው በኋላ ይቀብሩታል ስል ቀና ብለው ተቀመጡ። እኛም እንቀብራለን አሉ፣ ከእግር በታች እንዳይውል። ሰውዬው ከእንዲህ ያለ ጓዳ የወጡ ብጥስጣሽ ገጾችን እየገዛ ባሕር ማዶ ለሚኖሩ ሊቃውንት ይሸጥ ነበር።

«ሸጠው?» አሉ፣ ፊታቸው ጠቆር ብሎ።

ከመሸጡ በፊት ግን እያንዳንዱን ቁጭ ብሎ በእጁ ይገለብጥ እንደነበር፣ ምን እንደሆነም አጣርቶ ይጽፍ እንደነበር ነገርኳቸው።

«አነበባቸው በይኛ።»

ከዚያ የራሳቸውን ነገሩኝ። አባታቸው ሼኽ ነበሩ። በእጃቸው ጽፈው የተዉትን ኪታብ ምስጥ በልቶታል። ወንድማቸው በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ከጁምዓ ሶላት በኋላ እንዲቀብረው ያዘዙት ራሳቸው ናቸው።

«ከኔ በቀር የሚያነበው የለም» አሉ። «እኔም ሳላነበው ኖርኩ። ነገ ሐሙስ ነው።»

ምሳ የምታመጣላቸው የወንድማቸው ልጅ ናት። በር ላይ ስለ ምግብና ስለ ልብስ ብቻ፣ ያውም ጠባቂው እንዲሰማ በአማርኛ ማውራት ነው የተፈቀደው። እኔ ፈራሁ። በዚያ ሰሞን በእኛ አገር ሰው ጠመንጃውን ይቀብር ስለነበር፣ «አትቅበሩ» ማለት ለሰሚው ጠመንጃ ማለት ነበር። የኪታቡን ስም ሳይጠሩ ልብሱን አታጥቡት ይበሉ፣ ወንድምዎ ይገባዋል ብዬ መከርኳቸው።

«አባቴ ቃል ሸሽጎ አያውቅም» አሉኝ። «በሱ ኪታብ አልጀምርም።»

በማግስቱ ልጅቱ መጣች። አዮ ብድግ ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ። «የአባቴን ኪታብ እንዳይቀብረው ለአባትሽ ንገሪ» አሉ።

የጠባቂው እጅ የምሳ ዕቃው ክዳን ላይ ቆመ። «ምንድን ነው የሚቀበረው?»

«ኪታብ ነው ልጄ። ሂዱና እዩት። ስትነኩት ግን እጃችሁን ታጠቡ።»

«ያረጀ ኪታብ ይቀበር የለም እንዴ፣ እማማ?»

«ሳይነበብ አይቀበርም።»

ልጅቱን እዚያው አስቀሯት። አዮን ለምርመራ ወሰዷቸው። ሲመለሱ እግራቸው አብጦ ነበር። ምን እንዳሏቸው ጠየቅኳቸው።

«የመሣሪያ ዓይነት ቆጠሩልኝ» አሉ። «እኔ የኪታብ ስም ቆጠርኩላቸው።»

አርብ የጁምዓው አዛን ሲሰማ አዮ ወደ በሩ ዞረው ተቀመጡ።

የሆነውን የሰማሁት ከተፈታሁ በኋላ ነው። መልእክቱ አልደረሰም፤ ፍተሻው ግን ደረሰ። ወንድማቸውን ጉድጓድ አፋፍ ላይ አገኙት። ያ ጠባቂ አብሯቸው ነበር፤ ከመስጊዱ ማሰሮ ውኃ ቀድቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ጨርቁን ፈታ፤ ኪታብ ብቻ ሆኖ ተገኘና ሳይቀበር ቀረ። አዮ ግን በዚያች ንግግር ሰበብ ከኔ በኋላ ብዙ ቆዩ። ይቆጭዎታል ወይ ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጨፋ እወርዳለሁ። ኪታቡ በአረብ ፊደል የተጻፈ ኦሮምኛ ነው፤ እሳቸው በአጉሊ መነጽር ያነባሉ፣ እኔ በግዕዝ ፊደል እጽፋለሁ። መርማሪው ያ የመጽሐፍ ነጋዴ ካንቺ ጋር ምን አገናኘው ብሎ ዛሬ ቢጠይቀኝ የምመልስለት ትንሽ ነገር ሳይኖረኝ አይቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ ምስጥ አንዲት ቃል በልቶ አገኘን። አሳቡ ግልጽ ስለነበር ልሙላው ወይ አልኳቸው።

«አባቴን መጠየቅ ከቻልሽ» አሉ።

ቦታውን ክፍት ተውኩት።