ሃያ ደቂቃ በሚኒሞ

ሥራ የጀመርኩት በአንድ የዱቄት ፋብሪካ፣ የጭነት መኪና ሾፌር ሆኜ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ቁልፍ ተቀበልኩ፣ ሞተር አስነሳሁና ወዲያው ማርሽ አስገባሁ። የጋራዡ አለቃ አቶ ጥላሁን ግቢው መሐል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

"ውረድ" አሉኝ። ወረድኩ።

"አንተ ከእንቅልፍህ እንደተነሳህ ኩንታል ትሸከማለህ?"

"ኧረ አልሸከምም።"

"እሱም አይሸከምም" ብለው ቁልፉን ተቀበሉኝ። ያን ቀን መኪና ሳጥብ ዋልኩ።

በማግስቱ አሠራሩን አሳዩኝ። ዘይት በመለኪያው ታያለህ፣ የራዲያተር ውሃ ታያለህ፣ ታስነሳለህ፣ ነዳጅ ሳትረግጥ ሃያ ደቂቃ ትጠብቃለህ። ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ በራሱ ዝግ ብሎ ሲሠራ ሚኒሞ እንለዋለን። አቶ ጥላሁን እውነታቸውን ነበር። ያ መኪና ያረጀ ነው፤ በእንጦጦ ግርጌ ብርድ ዘይቱ እንደ ማር ይወፍራል። አንድ ባልደረባዬ ሳያሞቅ ሲነዳ ከርሞ ሞተሩ ነክሶ ቀጥ አለበትና ከሥራ ተባረረ። እኔ ከዚያ በኋላ ሃያ ደቂቃዋን አጉድዬ አላውቅም ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ሠራተኛ ሰርቪስ ተዛወርኩ። የተሰጠችኝ የናፍጣ ሚኒባስ ከበፊቱ መኪናዬ ጋር አትወዳደርም፣ ደህና ዕቃ ነበረች። ማለዳ ሠራተኞቹን ከሸጎሌ ጀምሬ ስለምለቅም እኔ ጋ እንድታድር ተፈቀደ። የምኖረው ቀጨኔ፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ አምስት ቤት የሚጋራው ግቢ ውስጥ ነው። ጎረቤቶቼ ማታ ማታ የግቢውን በር ይከፍቱልኛል። እኔም እንደ ሾፌር ወግ ወደ ኋላ አስገብቼ፣ ፊቷን ወደ መውጫው አድርጌ አቆማታለሁ። ጭስ ማውጫዋ ከእትዬ ወርቄ በር ሁለት እርምጃ አይርቅም። ነገሬ ብዬው አላውቅም።

እትዬ ወርቄ ሸክላ ሠሪ ናቸው። በሰፈራችን የእሳቸው ድስት ያልገባበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ሳል ነበረባቸው፤ ሁላችንም "የሸክላው ጭስ ነው" እንል ነበር። ልጃቸው ሰላም ለምና ለምና ሸክላ መተኮሱን አስተወቻቸው። ሳሉ ግን ባሰ እንጂ አልተዋቸውም። በባሰባቸው ቀን ሆስፒታል የማደርሳቸው እኔ ነኝ። በዚህ ደግሞ እኮራ ነበር፤ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ። መኪናዋን አሙቄ፣ እሳቸውን ደግፌ አስገብቼ እሄዳለሁ።

በዚያ ሰሞን አዲሷ የስምሪት ኃላፊ ሜሮን ቢሮ አስጠራችኝ። ልጄ ትሆናለች በዕድሜ፣ ግን አለቃዬ ናት።

"ጋሽ ደሳለኝ፣ ይህን ያህል አያሙቋት። ለአሁኑ ሞተር አንድ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ቀስ ብለው ሲነዱት በራሱ ይሞቃል። የመኪናዋ መጽሐፍም የሚለው ይህንኑ ነው።"

"መጽሐፉን የጻፈው ሰው ቀጨኔ አድሮ አያውቅም" አልኳት።

ሳቀች። እኔም የረታኋት መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ፤ በማግስቱም ሃያ ደቂቃዬን ጠበቅኩ።

አንድ የሐምሌ ማለዳ እንደ ልማዴ ሞተሯን አስነስቼ ሻይ ልጠጣ ቤት ገባሁ። ብርጭቆውን ሳላጋምስ ሰላም በሩን በረገደችው።

"ጋሽ ደሳለኝ፣ እማዬ ትንፋሽ አጠራት።"

ስወጣ እትዬ ወርቄ የበራቸው ደፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ የበሩን መቃን በሁለት እጃቸው ይዘው አየር ይፈልጋሉ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። እኔ ምን አደረግሁ? ሰዓቴን አየሁ። ስምንት ደቂቃ።

"አይዞሽ፣ ደግፊያቸው፤ እስከዚያ ትንሽ ትሙቅልን" አልኩ። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

ሰላም ቀና ብላ እንኳ የማታየኝ ጨዋ ልጅ ነበረች። ያን ጊዜ ግን ዓይን ዓይኔን እያየች ተናገረች።

"ማሞቁን ይተዉት ጋሼ። የሚያፍናት እኮ እሱ ነው። በየማለዳው እርስዎ እስኪወጡ በር ዘግተን ነው የምንቀመጠው።"

ዞሬ አየሁ። ዝናብ ያዘለው አየር ጭሱን ወደ ላይ አላስወጣው ብሎ፣ መሬት ለመሬት ወደ ቤታቸው እየገባ ነበር። ከበሩ ሥር አሮጌ ጨርቅ ተጠቅጥቋል። ጨርቁ ከሰል መስሏል። ያን ያህል ለመጥቆር ስንት ማለዳ እንደፈጀበት እኔ ሾፌሩ አላጣሁትም።

አንስተን አስገባናቸውና ወጣሁ። ቁልቁለቱን በሁለተኛ ማርሽ፣ ነዳጅ ሳላበዛ ወረድኩ። ሞተሯ ምንም አልሆነችም። ሆስፒታሉ በር ላይ ስደርስ የሙቀቱ መርፌ መሐል ላይ ቆሞ ነበር።

ኦክስጅን አደረጉላቸው። ዶክተሩ ወደ እኛ ዞሮ ጠየቀ፤ "ቤት ውስጥ ጭስ አለ? ሸክላውን ትተዋል ብላችሁኛል።"

ሰላም መሬት መሬት አየች።

"አለ" አልኩት። "የኔ ነው።"

ዶክተሩ አልተቆጣኝም። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ እንደማይተርፉ፣ ሳንባቸው ግን እንደ ድሮው እንደማይሆን ነገረን። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ትንሽ ሲሻላቸው አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እትዬ ወርቄ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?"

"ሲያመኝ ተሸክመህ የምታደርሰኝ አንተ" አሉኝ፣ በየቃሉ እያረፉ። "እንጀራህ ደግሞ እሷው ናት። ምን ብዬ ልናገርህ፣ ደሳለኝ? ይሉኝታ ያዘኝ።"

ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ። ውለታዬ ነው አፋቸውን የዘጋው።

በማግስቱ ሜሮን ቢሮ ሄጄ "መጽሐፉ ልክ ነው" አልኳት፤ ለምን እንደሆነም ነገርኳት። ጡረታ እስክወጣ ሚኒባሷን ጭስ ማውጫዋ ከቤቶቹ ርቆ ወደ መውጫው እንዲሆን ፊቷን ወደ አጥሩ አድርጌ አቆምኳት። ሳስነሳ ቀበቶ ለማሰር የሚፈጀውን ያህል ቆይቼ እወጣለሁ፤ እስከ አስፋልቱ በዝግታ እነዳለሁ። ወደ ኋላ ስወጣ ያዩኝ ሾፌሮች "ጋሽ ደሳለኝ አረጀ፣ ማቆም ረሳ" እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ይቀልዱ። ሞተሯን ለተተኪዬ ያስረከብኩት አንድ ቀን ለጥገና ሳይከፈት ነው።

እትዬ ወርቄ ዛሬም ጎረቤቴ ናቸው። ወደ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን የሚያወጣውን ዳገት ግን ከዚያ ወዲህ በእግራቸው አልወጡትም።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ሞተር እየሠራ ቆማችሁ ስትጠብቁ አንዴ ወርዳችሁ ከኋላ እዩ፤ ጭሱ የማን ቤት እንደሚገባ። ባለቤቱ እስኪነግራችሁ አትጠብቁ፤ ላይነግራችሁ ይችላል።