አርባ አንድ ጊዜ የተጻፈው ባና

በዐቢይ ጾም፣ ሰኞ ማለዳ ኪዳን አድርሰን ከልጄ ከየሺ ጋር ከሞላሌ ደብረ ብርሃን ወዳለው ኢንተርኔት ቤት ምክር ፍለጋ ተነሣን። የሺ እኛ ሴቶች ከፈተልነው የበግ ፀጉር የሚሠራውን ባና፣ የደጋውን ብርድ ልብስ፣ ለመሸጥ ኢንተርኔት ላይ ገጽ ከፍታ ነበር። ሰው በኮምፒውተር «ባና» ብሎ ሲፈልግ ግን የሷ ገጽ አይወጣም። እስከ ፋሲካ ገዢ ካልመጣ አረብ አገር እሄዳለሁ ብላኛለች።

መዘዞ

ለአውቶቡሱ ለሁለታችን ሰባ ብር ከፈልን። መዘዞ ላይ የአውቶቡሱ ጎማ እስኪቀየር የባቄላ ቆሎ ገዛሁ፤ የጾሙ ሰዓት ስላልደረሰ ቋጠርኩት። የሺ በመስኮት ጉሙን ታይ ነበር።

ደብረ ብርሃን፣ ስድስት ሰዓት

የኢንተርኔት ቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ሰዓዳ «ባና» ተደጋግሞ የተጻፈበትን ገጽ አይታ ሳቀች።

«ይሄን ሁሉ ባና ባና ማን አስጻፈሽ?»

«እኔ ነኝ» አልኩ። «እግዚኦታም አርባ አንድ ጊዜ ነው የሚደረሰው። ደጋግሞ የጠራ ይሰማል ብዬ።»

«እናቴ፣ የመፈለጊያው ማሽን እኮ አያዝንልዎትም። ገበያ ላይ አንዷ አርባ አንዴ ባና ባና ብትልብዎ ምን ይላሉ?»

«ባናው ምን ቢሆን ነው እላለሁ።»

«እሱም እንደዚያ ይጠረጥራል። ጥሩ ባና ሲፈልጉስ ማንን ይጠይቃሉ?»

«ገዝቶ የለበሰውን።»

«ያውቁታል እኮ! ማሽኑም ገጹ ለፈላጊው የሚረባ ነገር ይዞ እንደሆነ፣ ሌሎች ገጾችም ወደሱ የሚመሩ እንደሆነ ያያል። ጓሳ ጥብቅ ስፍራ ባናችሁን ለእንግዳ የሚያለብስ ማረፊያ ካለ በራሱ ገጽ ይመስክርላችሁ፣ ወደናንተም ይምራ።»

«ከፍለን ከላይ ብንወጣስ?» አለች የሺ።

«ማስታወቂያ ይገዛል፤ ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፎበት ይወጣል። የፍለጋው ተራ ግን አይሸጥም።»

«እስከ ፋሲካ ይደርስልኛል?»

«እሱን ማንም አይምልልሽም። የሚምል ካገኘሽ ሽሺው።»

የሺ አርባ አንዱንም አጠፋች። ባዶው ገጽ ላይ የምትጽፈው ጠፋት፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

መልስ

ዘመድ ቤት አድረን ማክሰኞ ስንመለስ ጣርማ በር ላይ ደብተር አወጣች።

«እማዬ፣ ፀጉሩን የምታጥቢው በምንድነው?»

«በወራጅ ውኃ።»

«ጥቁሩስ ተነክሮ ነው?»

«ኧረ፣ ከጥቁር በግ ነው። አብረሽኝ አልኖርሽም?»

ሳቀች። ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት፣ ጻፈች። እንዲህ እያልን ሞላሌ ደረስን።

ቤት ገብተን ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች። «ገና የባዘቶውና የሸማኔው ይቀራል» አለች። «ይሄን ጽፌ ሳልጨርስ የትም አልሄድም።»

ገዢ ገና አልመጣም። የእጄን ሥራ ልጄ ስትጠይቀኝ ግን ያ የመጀመሪያዋ ነው። ተመስገን።