ጥሪው ለእኛ፣ ደረጃው ለእነሱ

መስማት የተሳናቸው ሰዎች አንዳቸው ለሌላቸው በእጅ የሚጠራ ስም ያወጣሉ። የእሷ ስም ጭብጥ ብሎ ድንገት የሚፈታ መዳፍ ነው፤ በአፍ ለሚናገር ሰው "ብልጭታ" እንደማለት። ያወጣላት ትምህርት ቤት ከጎኗ ይቀመጥ የነበረ ልጅ ነው። ይቀመጥ የነበረው እሱ እንጂ እሷማ መቼ ተቀምጣ ታውቃለች! ዛሬ ሠላሳዎቹን አጋምሳም ያው ናት። ቆማ ትበላለች፣ ወዲያ ወዲህ እያለች ፀጉሯን ትጎነጉናለች፣ የሰው ነገር ሳያልቅ መልሱን በእጇ ጀምራ ትገኛለች። እናቷ ለጎረቤት ሲያወሩ፣ "እሷ ስትፈጠር ወንበር አልተፈጠረም ነበር" ይላሉ።

መስማት ያቆመችው ገና ጨቅላ ሳለች፣ ማጅራት ገትር ይዟት ከሞት አፋፍ ከተመለሰች በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ከእናቷ ጋር የሚግባቡት ቤት ባፈራው ጥቅሻና ጥቆማ ሆነ፤ ብዪ፣ ተኚ፣ ዝጊው፣ ሰው መጣ። ከዚያ የረዘመ ነገር ሲኖር ታናሽ እህቷ ትጠራለች። እህቷ የምልክት ቋንቋውን ከብልጭታ እጅ እየቃረመች ያደገች፣ አሁን ፋርማሲ ውስጥ መድኃኒት የምትሸጥ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት።

ብልጭታ ስፌት ቤት ልብስ ተኳሽ ናት። ቀኑን ሙሉ ካውያ ይዛ ትቆማለች፤ አንዱን ልብስ ሰቅላ ሌላውን እስክታነሳ ባለችው ሽርፍራፊ ጊዜ እጆቿ ብቻቸውን ይናገራሉ። ሰፊዎቹ ሴቶች መጀመሪያ፣ "ኧረ ይቺ ልጅ ከማን ጋር ነው የምታወራው?" ብለው ፈርተዋት ነበር። ግጥም ነበር። በጣትና በፊት የሚገጠም፣ ቤት የሚመታው በድምፅ ሳይሆን አንዱ የእጅ ቅርጽ ሌላውን ሲመልሰው ነው። ያየላት ሰው ግን ጥቂት ነው፤ እሑድ እሑድ የሚሰበሰቡት የእሷው ቢጤዎች ብቻ።

ወሬ የሚያመጣላት ራዲዮ ነው። ራዲዮ በሁለት ክራንች የሚሄድ ሰዓት ጠጋኝ ሲሆን ሱቁ ሲዘጋ ሥዕል ይስላል። ልጅነቱን መስማት ከተሳናቸው ልጆች ጋር አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ስላሳለፈ እጁ እንደ አፉ የተፈታ ነው። የአካል ጉዳት ያለባቸውን ሠዓሊዎች፣ ማየት የተሳናቸውን ሙዚቀኞች፣ እንደ ብልጭታ ያሉትንም በስልክ አንድ ቡድን ውስጥ ሰብስቦ፣ የት ዐውደ ርዕይ እንደተከፈተ፣ የት ሥልጠና እንዳለ፣ ማን ማንን እንደሚፈልግ ጠዋት ማታ ይልክላቸዋል። ለማያዩት በድምፁ ያነብላቸዋል፤ ለማይሰሙት በእጁ እየተናገረ ራሱን ይቀርጽላቸዋል። ስሙን ያወጡለት እነዚሁ የማይሰሙት ናቸው። "ሰው ሁሉ ራዲዮ ራዲዮ ይላል፤ ለእኛም ይኸው አንድ ደረሰን" ብለው።

አንድ ማለዳ ኪሷ ውስጥ ስልኳ ተንቀጠቀጠ። ራዲዮ ነበር፤ ዓይኑ ፈጦ፣ እጁ ከወትሮው ፈጥኖ። "ቲያትር ቤቱ አዲስ ተውኔት ሊያዘጋጅ ነው። አካል ጉዳተኛና መስማት የተሳናቸው ተዋንያን ይምጡ ብሏል። ሐሙስ! አንቺ ልጅ፣ ካልመጣሽ መጥቼ በክራንች እነዳሻለሁ!"

ብልጭታ ካውያውን በቁሙ አስቀምጣ ወደ ስፌት ቤቱ ባለቤት በረረች። ሴትዮዋን ሁሉም እትዬ ነው የሚሏቸው። ጉዳዩን በምልክት፣ በፊቷ፣ ስልኩን በማሳየት ጭምር አስረዳቻቸው።

"ሐሙስ?" አሉ እትዬ፣ ከንፈራቸውን እንድታነብ ቃሉን እየጎተቱ። "የሙሽሮቹ ልብስ ሐሙስ እንደሚወጣ እያወቅሽ?"

ብልጭታ ወደ ካውያዋ ተመለሰች። ረቡዕ ዕለት የሐሙስንም ጨምራ ተኮሰች። እንፋሎቱ ፊቷን አቅልቶት፣ ምሳ ሳትቀምስ፣ ልብሱን እንደ ወታደር አሰልፋ ሰቀለችው። እትዬ ገብተው ሰልፉን አዩና ሳቅ አሸነፋቸው። በእጃቸው በሩን እያሳዩ፣ "ሂጂ በቃ! ካውያውስ ቢሆን አንድ ቀን ካንቺ ቢያርፍ ምናለበት" አሉ።

የተዋንያኑ ምርጫ የሚካሄደው ቲያትር ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። ሊፍት የለም። ራዲዮ ደረጃውን ቀና ብሎ አየና ክራንቾቹን አስተካክሎ ጀመረ። እሱ አንዴ እስኪወጣ ብልጭታ እላይ ደርሳ ትመለሳለች፤ መጣ አልመጣም ብላ ታያለች፤ እንደገና ትወጣለች። ሁለቱም እጁ ስለተያዘ ራዲዮ መናገር አልቻለም። እመሃል ላይ ትከሻውን ግድግዳው ላይ ጣል አደረገና አንድ እጁን ነፃ አወጣ።

"ጥሪው ለእኛ፣ ደረጃው ለእነሱ" አላት ላቡን እየጠረገ።

እታች በተሽከርካሪ ወንበር የመጣች አንዲት ዘፋኝ ቀርታለች። ዘበኞቹ "እንሸከምሽ" ቢሏት፣ "ጆንያ መሰልኳችሁ? የሚሰማኝ ሰው ይውረድ!" ብላ ፍሬኗን ያዘች። የተውኔቱ አዘጋጅ፣ ጎልማሳ ሰው ነው፣ ወሬው ሲደርሰው ጆሮው ድረስ ቀልቶ ወረደ። ደረጃው ስር ቆሞ አዳመጣት። ይቅርታም ጠየቃት። ወዲያው ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ፤ ይመጣል የተባለው የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ቀርቷል። ከሥራ አስፈቅዳ ብልጭታን ልትሸኝ የመጣችው እህቷ፣ "እኔ አለሁ" አለች።

ብልጭታ ገባች። አዘጋጁና ሁለት ባልደረቦቹ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። እህቷ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ብልጭታ እጇን ስታነሳ ሦስቱም ዓይናቸውን ወደ እህቷ አፍ ወረወሩ። ለምዳዋለች፤ ግን ያናድዳታል።

ያቀረበችው ለማንም አሳይታ የማታውቀውን ግጥም ነበር። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበሩ፤ ሳምንት ይጠፋሉ፣ ይመጣሉ። መኪናው ሲቃረብ ደጃፉ ይንቀጠቀጣል፤ ትንሿ ብልጭታ በባዶ እግሯ ደፍ ላይ ቆማ ንዝረቱን ስትሰማ፣ ማንም ሳይነግራት አባቷ መምጣታቸውን ታውቃለች።

"ደጃፉ ይንቀጠቀጣል" አለች እህቷ፣ እጇን እየተከተለች። "አባቴ ነው እላለሁ። ሌላ መኪና ነው፣ ያልፋል። ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አፍ ሁሉ ይከፈታል፣ ይዘጋል። እናቴ መሬት ላይ ናት። ወደ ጎረቤት ሂጂና ተጫወቺ ይሉኛል። እመለሳለሁ። ደፉ ላይ እቆማለሁ። ክረምቱ ወጣ፤ እኔ ደፉ ላይ ነኝ። ማንም..."

እህቷ እዚህ ላይ ድምፅዋ ተቆረጠ። አፏን በእጇ ያዘች።

ብልጭታ አላየቻትም። ያየችው ሌላ ነገር ነው፤ የሦስቱም ዓይን ከእህቷ ተነቅሎ ወደ እሷ ዞረ። የሚሰሙት ነገር ሲያጡ ማየት ጀመሩ። እሷም ለዓይናቸው ቀጠለች፤ ልጅቷ ትምህርት ቤት እንደገባች፣ መምህሯ አንድ ቀን ሞተ የሚለውን ምልክት እንዳስተማረቻቸው፣ ምልክቱን ይዛ ወደ ቤት ስትሮጥ የአባቷ ነገር እመንገድ ላይ እንደገባት፣ እግሯም እንደቆመ። እጇን አወረደች። አዘጋጁ እስክሪብቶው ከጣቱ ወድቆ አላነሳውም።

ወደ ቤት ሲሄዱ ብልጭታ ፈጥና ትራመድ ነበር። እህቷ እየሮጠች ደርሳ ከፊቷ ቆመች።

"ለእኔ የአባባን መሞት ነግረውኝ ነበር" አለች በእጇ። "ትንሽ ልጅ ሆኜ እኔ አውቅ ነበር። አንቺ የማታውቂ አልመሰለኝም። አጠገብሽ እጫወት ነበር!"

"በምን ልወቅ? ማን ነገረኝ?" አለችና ብልጭታ ጥላት ሄደች። እግሯ እስኪዝል ከተማውን ዞረች፤ በዚያው ሰሞን ከእህቷ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያዩም።

ከዚያ የመጠበቁ ነገር መጣ። መጠበቅና ብልጭታ ደግሞ እሳትና ጭድ ናቸው። ስልኩ ሳይንቀጠቀጥ የተንቀጠቀጠ እየመሰላት ኪሷን ትደባብሳለች። አንድ ሸሚዝ አቃጠለች፤ እትዬ ጮኹ፣ ሰፊዎቹ አሹፈውባትም ከረሜላ ሰጧት። ራዲዮን በቀን ስንቴ "ምን አዲስ ነገር?" ብላ አሰለቸችው። "ራዲዮም እኮ ዜና ከሌለ ዘፈን ያስገባል" አላት።

በመጨረሻ ተጠሩ። ራዲዮ የመድረኩን ሥዕል እንዲሠራ ተቀጠረ። ዘፋኟም ገባች። ብልጭታም ተመርጣለች፤ አንድ ቃል የማትናገር የቤት ሠራተኛ ሆና። እናቷ ዜናውን ሲሰሙ እልል አሉ፤ ጎረቤት ሁሉ እንኳን ደስ ያላችሁ አለ። ብልጭታ ግን ፊቷ ዳመነ። ነጠላዋን አነሳችና ወደ ቲያትር ቤቱ ገሰገሰች። እህቷ ሳትጠራ ተከተለቻት።

"ቀላል ሚና ነው እኮ" አለ አዘጋጁ ግራ ተጋብቶ። "ምንም መናገር የለባትም።"

እህቷ ተረጎመች። ብልጭታ መለሰች፤ እህቷ ቃል በቃል በአፏ አደረሰችው፦ "ቀላል ስለሆነ ነው የማልፈልገው። ዝምታ አልችልበትም። ሠራተኛዋ ትናገር፤ በእኔ ቋንቋ ትናገር።"

"ተመልካቹ አይገባውማ!"

ብልጭታ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ያልገባኝን ቲያትር ሳይ ኖሬአለሁ፤ ይኸው አልሞትኩም። እነሱም አንድ ትዕይንት ባይገባቸው አይሞቱም።"

አዘጋጁ ራሱን አከከ። ባልደረቦቹን አየ። ከዚያ ሳቀ፤ "አንድ ትዕይንት" አለ ጣቱን አንስቶ። ብልጭታ ሁለት ጣት አነሳች። በሁለት ተስማሙ።

እህትማማቾቹ ያን ቀን አብረው ተመለሱ፤ የግጥሙን ነገር እህቷ ለእናታቸው ነገረቻቸው። እናትየው ከልጃቸው ፊት መጥተው ተቀመጡ። "ለቅሶ የመጡት፣ 'ልጅ ናት፣ አታስለቅሷት' አሉኝ" አሉ በእህቷ አስተርጓሚነት። "እሺ አልኩ። ከዚያ ቀኑ አለፈ። ካለፈ በኋላ ደግሞ በየትኛው እጄ ልንገርሽ?" አለቀሱ። ብልጭታ አላቀፈቻቸውም። አልተቆጣችም። በረንዳው ላይ ወጥታ ስትመላለስ ቆየችና ተመልሳ ገባች፤ ሻይ አፍልታ አጠገባቸው አስቀመጠች።

ተውኔቱ አንድ እሑድ ከሰዓት ተከፈተ። ራዲዮ ቡድኑን በሙሉ ጠርቶ የኋላውን ረድፍ ሞልቶታል። በብልጭታ ትዕይንት፣ የቤቱ ጌታ ትእዛዝ ይደረድራል፤ ሠራተኛዋ "እሺ ጌታዬ" የምትል እየመሰለች በእጇ ስለ ቦርጩ፣ ስለ ስስቱ፣ ስለ ጠረኑ ትዘረግፋለች። የኋላው ረድፍ በሳቅ ፈነዳ። የፊቱ ረድፍ አንገቱን እየጠመዘዘ፣ "ምን አለች? ኧረ ምን አለች?" መባባል ጀመረ። ኋላ የተቀመጡት እናቷም አጠገባቸው ያለውን ሰውዬ በክርናቸው ጎሰም አድርገው ጠየቁ፤ ሰውዬው አይሰማም። ግን ገባውና ሆዱን ነፍቶ፣ አፍንጫውን ይዞ አሳያቸው። እናትየው በጥቅሻና በጥቆማ የኖሩ ሴት አይደሉ? ነገሩ ገባቸው፤ አዳራሹ ሁሉ ጸጥ ካለ በኋላ ብቻቸውን ከት ብለው ሳቁ። ብልጭታ ከመድረክ ላይ አየቻቸው፤ ቀጣዩን እንቅስቃሴዋን ልትረሳ ምንም አልቀራትም።

ተውኔቱ ወራቱን ጨርሶ ወረደ። ብልጭታ ካውያዋን አልተወችም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ለተዋንያኑ የምልክት ቋንቋ ታስተምራለች። የሚቀጥለው ምርጫ ምድር ቤት ተደረገ። አስተርጓሚው ግን አሁንም አንድ ቀን ይመጣል፣ አንድ ቀን ይቀራል፤ እሷም ስለዚህ ከአዘጋጁ ጋር እንደተጨቃጨቀች ነው።

በቅርቡ ራዲዮ ሌላ ዜና አመጣ፤ በሌላ ከተማ መስማት ለተሳናቸው ተዋንያን የረጅም ጊዜ ሥልጠና ተከፍቷል። ብልጭታ ልሂድ አለች። እናቷ ከእህቷ ሥር ሥር እያሉ ምልክቱን ሲማሩ ከርመዋል፤ ጣታቸው ደረቅ ነው፣ ያሳስታሉ፣ ግን ይሞክራሉ። "ሩቅ ነው" አሉ በእጃቸው። "ቅርብ ነው" አለች። "ማንንም አታውቂም።" "አውቃቸዋለሁ።" "ውሸታም!" ይህንን ምልክት ያለ ስሕተት ነው የሠሩት።

እህቷ ከሥራ ስትገባ ሁለቱ ክፍሉ መሃል ቆመው እጃቸውን ያወናጭፉ ነበር።

"ላስተርጉም?" አለች ቦርሳዋን እያስቀመጠች።

ሁለቱም ባንድ ጊዜ ዞሩባት። "አንቺ ጣልቃ አትግቢ!"