በታኅሣሥ የተከረከመው የሬሜይ ማሳ

ሬሜይ ፌራጉት የመንደሯን ገበሬዎች ማኅበር የብርቱካን መከርከሚያ ትራክተር ሃያ ሁለት ዓመት ነድታለች። ስትጀምር በስፔን፣ በቫሌንሲያ አጠገብ ያለችው የዚያች መንደር ወንዶች «ይቺ ዛፉን ትታ አጥራችንን ነው የምትቆርጠው» ብለው ሳቁባት። አንድም አጥር አልነካችም። ከሳቁት መሀል ግን ሁለቱ ከነትራክተራቸው ቦይ ገብተዋል።

ማሽኑ አንድ ስለሆነ ተራው በዕጣ ነው። ተራውን ያሳለፈ ዓመቱን ሙሉ ማሽን አያገኝም። ዘንድሮ ኤሎይ የሚባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ መጣና፣ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ አይቁም ብሎ በመጋቢት የሚጀመረውን ክርከማ ከታኅሣሥ ጀምሮ እስከ መጋቢት እንዲዘልቅ አደረገው። አንደኛ የወጡት እማማ ዶሎርስ ናቸው፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከዚያች ማሳ በቀር መተዳደሪያ የሌላቸው አሮጊት።

ሬሜይ ኤሎይና እማማ ቆመው ወደሚጠብቁበት ማሳ ጫፍ ደርሳ ሞተሩን አጠፋች።

«አልቆርጥም።»

«ፍሬው ተለቅሞ አልቋል፤ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለ ኤሎይ።

«ውርጩ እስኪያልፍ ነዋ! አሁን ብቆርጠው ትንሽ ፀሐይ ሲያገኝ ለጋ ቀንበጥ ያወጣል። ጥር ላይ ውርጭ ይመጣና ያንን ለጋ ይጠብሰዋል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ሲባል አልሰማህም?»

«አምስት ዓመት ሙሉ ውርጭ አልመጣም። መረጃው እዚህ እጄ ላይ ነው።»

«እሰይ፣ እንግዲህ ለውርጩ አንብብለት!»

እማማ ዶሎርስ ሽርጣቸውን ጨበጡ። «ተይ ልጄ፣ ተራዬ ከሚያልፍ ይቆረጥ። ማሽኑ ካለፈኝ ያን ሁሉ ዛፍ በእጄ ልከረክመው ነው?»

«ማሽኑ ዛሬ ይሠራል» አለ ኤሎይ። «ወይ ትቆርጫለሽ፣ ወይ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።»

የሬሜይ ደም ፈላ። የእሷ ዕጣ መጨረሻ ነበር፣ መጋቢት ማለቂያ ላይ። አባቷ በእጃቸው የተከሉት ሦስት መቶ ዛፍ አላት።

«የኔን ተራ እማማ ይውሰዱ፣ የሳቸውን እኔ። ዛሬ የኔ ይቆረጣል።»

«አብደሻል እንዴ?»

«ውርጭ ካልመጣ ሳቅብኝ። ከመጣ ግን በእግርህ መጥተህ ታየዋለህ።»

እስኪመሽ ቆረጠች። የትራክተሩ መጋዞች የአባቷ ዛፎች ውስጥ በገቡ ቁጥር አለቀሰች፤ ግን አንድ ረድፍ አልዘለለችም። በማግስቱ ይህን የሰሙ ባለተራዎች ሁሉ ማሽኑ ማሳቸው እንዳይገባ በራቸውን ዘጉ። ኤሎይ ደግሞ የመንደሩን ተራ በሙሉ መሰረዝ አልደፈረምና የቀረው ክርከማ ወደ መጋቢት ተመለሰ።

ጥር አጋማሽ ላይ ውርጩ መጣ። የሬሜይ ለጋ ቀንበጦች በአንድ ጠዋት ጠቆሩ፣ ብዙ ቅርንጫፍም ደረቀ። ያልተከረከሙት የጎረቤቶቿ ዛፎች ቅጠላቸው ትንሽ ተቃጠለ እንጂ ተረፉ። ኤሎይ መጥቶ አየ።

«መጥፎ ዕድል ነው» አለ።

«ዕድል አትበለኝ! ጥር ላይ እንደሚመጣ ነግሬህ ነበር።»

በቀጣዩ ዓመት የማሳዋ ፍሬ አንድ ቅርጫት እንኳ አልሞላም። ሬሜይ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ከገበያ አንድ ኪሎ ብርቱካን ገዛች። የማኅበሩ ቢሮ ደረጃ ላይ ተቀምጣ፣ ልጣጩን እዚያው እየጣለች ትበላ ጀመር። ኤሎይ በሩን ከፍቶ ልጣጩንም እሷንም አየና አጠገቧ ቆመ።

«ዘንድሮስ ክርከማውን መቼ እንጀምር?» አላት ቀስ ብሎ።

የጎረሰችውን እስክትውጥ አስጠበቀችው።

«ስነግርህ።»